ሐረጎ ላይ የሚጠፋው ሞተር

መኪናው ግቢዬ የገባው በሌላ መኪና ተጎትቶ ነው፤ ሾፌሩ የገባው ደግሞ በሰው ተጎትቶ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ኮሌታውን ጨምድዶ ከበሩ ጀምሮ እየጎተተ አመጣውና ግንባሩን ከራሱ መኪና ኮፈን ጋር አላተመው። «በል ንገረው፤ ጠፋብኝ በለው» አለ። የሾፌሩ ቅንድብ ተሰንጥቆ ደሙ በአፍንጫው ጎንና ጎን ወረደ። ሰውየው አልተከላከለም፤ እጁን እንኳ አላነሳም። የሚማታ ሰው ያናድደኛል፤ ሲመቱት ዝም የሚል ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠባዬ ክፉ መሆኑን ደንበኞቼም ሚስቴም ይመሰክራሉ። የጎማ መፍቻውን ብረት አንስቼ መሐላቸው ገባሁና፣ እዚህ ግቢ ውስጥ የሚመታው ብረት ብቻ ነው፣ ሰው መምታት ያማረው ውጭ ይውጣ አልኩ። ወንድምየው ብረቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ምራቁን ጎማው ላይ ተፋና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

ነገሩን ኮምቦልቻ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ሾፌሩ የቢስቲማ ሰው ነው፤ መኪናውም የራሱ ነው፤ ከሐርቡ ወደ ደሴ ጭነት ያመላልሳል። ሟቹ ሐርቡ አጠገብ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነበር። በአንድ የገበያ ቀን ሾፌሩ የሌላ ሰው ከባድ ጭነት በገበሬው ሽንኩርት ላይ ደራርቦ ሽንኩርቱን አጨማለቀበት። ገበሬው በቡጢ አፍንጫውን አለው። ሾፌሩም ደሙን እየጠረገ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «አንድ ቀን ጎማዬ ስር አስገባሃለሁ» ብሎ ዛተበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያንን ቃል የሰማ ጆሮ ብዙ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ወደ ደሴ የሚወጣ ሌላ መኪና ጠፋ። ሽንኩርት ቂም አያውቅም፣ ይበሰብሳል። ገበሬው ጆንያዎቹን እዚያው መኪና ላይ ጫነ፤ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን መቀመጥን ግን ተጸየፈና ከላይ ከጭነቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው ሐረጎ አቀበት ላይ መኪናው ቆመ፣ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ የኋላው ጎማም በገበሬው ላይ ወጣበት። ሾፌሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ ሞተሩ በድንገት ጠፋ፣ ፍሬኑ ደነደነ፣ ታኮ የሚያደርግልኝ ረዳት ስላልነበረኝ «ድንጋይ!» ብዬ ጮህኩ፣ እሱም ከላይ ዘሎ ወርዶ ጎማው ስር ድንጋይ ሊያደርግልኝ ሲል ደረሰበት። ወንድምየው የሚለው ደግሞ፣ ሞተሩ አልጠፋም፤ ወንድሜን በሰበብ አስወርዶ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ሄደበት። ወንድሜ አፍንጫውን ለሰበረው፣ ጎማዬ ስር አስገባሃለሁ ብሎ ለዛተበት ሰው ድንጋይ ሊያቀርብ? ይህን ማመን አልቻለም። እኔም በሆዴ፣ እውነት ነው፣ ማን ያደርገዋል እያልኩ ነበር።

ፖሊስ የራሱን ሥራ ሠርቷል፤ ሾፌሩ ታስሮ በዋስ ወጥቷል። ፍርድ ቤት ግን ያስራል፣ ይፈታል እንጂ ደም አያደርቅም። ደም የሚያደርቁት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ አባጋሮች ናቸው። አስቦ የገደለና በእጁ ላይ ሰው የሞተበት በእኛ አገር አንድ አይደሉም። ለሁለተኛው ዘመድ ይለምንለታል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ይታረቃል። የመጀመሪያው ግን የሟች ወንድም በሕይወት እስካለ ድረስ ሞቱን እየጠበቀ ይኖራል። ስለዚህ የዚህ ሰው ነፍስ የተንጠለጠለችው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ሞተሩ በራሱ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?

አብረዋቸው የመጡት አባጋር በዕድሜ የገፉ፣ ከዘራቸውን እንደ ሦስተኛ እግር የሚረግጡ ሰው ናቸው። ለምን እኔን እንደመረጡ ጠየቅኳቸው። «አንተ ኸቢስቲማም ኸሐርቡም ዘመድ የለህም። ጠባይህም ክፉ ነው ይላሉ፤ ለማንም አታዳላም» አሉኝ። ምስጋና መሆኑን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። እስኪታወቅ ድረስ ማንም እጁን እንዳያነሳ አስምለዋቸው ነበር፤ መሐላው ምን ያህል እንደሠራ የሾፌሩን ቅንድብ ማየት ይበቃል።

መኪናው ኮምፒውተር ከተገጠመላቸው የመጀመሪያዎቹ ናፍታ መኪኖች አንዱ ነው። እንዲህ ያሉት አሮጌዎች ለእኔ የእግዜር ቁጣ ናቸው፤ የጥንቱን መኪና ያህል አይታገሡም፣ የአዲሱን ያህል አይናገሩም። ኮፈኑን ስከፍት ደሜ ፈላ። ሽቦው እዚህ በፕላስተር፣ እዚያ በፌስታል ቁራጭ ታስሯል። አንዱ መካኒክ ሌላውን እያየ የጠመዘዘው ነው፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። መመርመሪያ ማሽኔን ሰካሁና የሞተሩን ኮምፒውተር ጠየቅኩት። ምንም ጥፋት አላየሁም አለኝ። ሟቹን ከጎማው ስር ለማውጣት የተሰበሰቡት ሰዎች እሳት እንዳይነሳ ፈርተው ባትሪውን ነቅለውት ነበር፤ በዚህ ዓይነቱ አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ባትሪ ሲነቀል ያስታወሰው ሁሉ ይጠፋል። ደግ አስበው የሾፌሩን ብቸኛ ምስክር ገደሉበት።

ሞተሩን አስነሳሁት። ያለ እንከን ሠራ። እስኪሞቅ ጠበቅኩ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቀነቅኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁት፤ አልጠፋም። ወንድምየው ሳቀ። መኪና የሚጠፋው ናፍታ ሲያልቅ ብቻ ነው ብሎ ያስረዳኝ ጀመር፤ ለቀባሪው አረዱት። ሾፌሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጨርቅ እንደያዘ ማሽኑን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። አስተያየቱን መቋቋም ስላቃተኝ ጀርባዬን ሰጠሁት።

እኔ የጠረጠርኩት የሞተሩን ዘንግ ዙር የሚቆጥረውን ሴንሰር ነበር። ሞተሩ እየዞረ መሆኑን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው እሱ ነው። እሱ ዝም ካለ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ይመስለውና ናፍታውን ይዘጋዋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ፍሬኑም መሪውም ይደነድናሉ። ሲያረጅ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሙቀት ሲበዛበት ይላቀቃል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይገናኛል። እንደ ወባ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ትኩሳቱ ይወርድልሃል። ፈትቼ ለካሁት፤ ልኩ ትክክል ነው። በፈላ ውኃ አሙቄ ላሳያችሁ ብል ወንድምየው፣ አንተ ቀቅለህ የገደልከውን እኔ አልቀበልም አለ። ወንድሜ በሞተበት መንገድ ላይ፣ እኔ ተቀምጬ እያየሁ ይጥፋ አለ። አባጋሩ ጥቂት አሰቡና ተስማሙ። ሴንሰሩን እንደነበረ መልሼ ከገጠምኩ በኋላ ሞተሩ ላይ አንድ ብሎን እንዳይነካ አዘዙ። ላልቶ የነበረውን የእጅ ፍሬን ግን በሁሉም ፊት አጥብቄዋለሁ። ወንድምየው ይህም ማጭበርበር ነው ብሎ ሲሟገት፣ እኔ የሞተ ሰው ነገር ላጣራ እንጂ ልሞት አልመጣሁም ብዬ ጮህኩበት፤ አባጋሩም ፈረዱልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ተነሳን፤ ጋቢናው ከሦስት ሰው በላይ ስለማይዝ አባጋሩ ቤታቸው ቀሩ። ሾፌሩ መሪ ላይ፣ እኔ መሐል ማሽኔን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ወንድምየው በበሩ በኩል። ዱላውን በጉልበቶቹ መሐል አቁሟል፤ በትከሻው ባጣፋው ፎጣ ስር ጩቤ እንዳለ ደግሞ ሲቀመጥ ጎኔን ወግቶኝ አውቄያለሁ። ሐረጎን ወጣን፣ መኪናው ባዶ ስለሆነ እየዘለለ ነው የወጣው። ማሽኑ ላይ የሞተሩ ዙር ቁጥር አንዴም አልተዛነፈ። ሟቹ የወደቀበት ቦታ ስንደርስ ሾፌሩ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዱዓ እያደረገ ነበር፤ እንዲጠፋለት ይሁን ለሟቹ አላወቅኩም። መኪናው ግን ቀጥ ብሎ አለፈ። ደሴ መግቢያ ላይ ብርዱ ተቀበለን።

«አቁም» አለ ወንድምየው። ሾፌሩ አቆመ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስታወስ አልወድም፤ ግን አስታውሰዋለሁ። በመኪናው ፊት ዞሮ በሩን ከፍቶ እግሩን ይዞ ጎትቶ አወረደውና በዱላ ይወርድበት ጀመር። መጀመሪያ ትከሻውን፣ ከዚያ ጎኑን፣ ሲወድቅ ደግሞ ያገኘበትን። ዱላው አጥንት ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ ግቢዬ ውስጥ ሰምቼው አላውቅም፤ ብረት እንደዚያ አይጮህም። ዘልዬ ከኋላ ያዝኩት፤ በክርኑ ደረቴን ብሎ ጣለኝ። ተነስቼ እንደገና ያዝኩት። ዱላው እጄን አገኘኝ፤ የእጄ አንጓ እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ያመኛል። መንገደኞች ተሯሩጠው ደረሱ፤ ዱላውን ሲቀሙት ጩቤውን መዘዘና ሾፌሩ አንገት ላይ አደረገው። ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ።

እኔ ሳልፈራ ቀርቼ አይደለም፤ ንዴቴ ከፍርሃቴ ስለበለጠ ነው የጮህኩት። ወንድምህ የሞተው በስንት ሰዓት ነው? ቀትር ላይ አይደለም? መኪናው ጭነት አልነበረውም? ታዲያ ገና ጠል ሳይደርቅ በባዶ መኪና ወጥተህ ምን ልታይ ነው? ሰው ልትገድል ከሆነ ግደል፣ ሐቁን አጣራሁ ግን አትበል። ይህን ሁሉ የተናገርኩት በአንድ ትንፋሽ ነው። ጩቤው አንገቱ ላይ ቆየ። ቀጭን የደም መስመር ወጣ። በመጨረሻ ወንድምየው ቀና ብሎ አየኝ።

«ዛሬ ቀትር» አለ። «እንደዚያ ቀን ጭነን። ካልጠፋ ወላሂ እዚያው አርደዋለሁ፤ አንተም አትይዘኝም።»

ወደ ኮምቦልቻ ወርደን ግቢዬ ቆምን። አፌ ያወጣው ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሴንሰር ይሉኝታ የለውም። ዛሬ ሊጠፋ፣ በሚመጣው ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ባይጠፋስ? ሰውን አጠገቤ አስቀምጬ ወደ መታረጃው እየወሰድኩት ነው ማለት ነው። ወንድምየው አሸዋ የሚጭኑ ሰዎች ሊጠራ ሲወርድ ለሾፌሩ፣ ሽንት ቤት ብለህ ውረድና በዚያው ጥፋ አልኩት። ሰው የማይጠብቀውን የግቢዬን የኋላ በር ሳይቀር አሳየሁት። አልተንቀሳቀሰም። ከንፈሩ አብጦ ቃሉ በደንብ አይወጣለትም ነበር።

«ሞተሩ ጠፋም አልጠፋም፣ ኸኔ ጋር የሚቀረው ሌላ ነው» አለኝ። «ድንጋይ ብዬ ስጮኽ አንድ ጊዜም አላመነታም። እኔ ዝቼበት፣ እሱ ወረደልኝ።»

ውኃ ሰጠሁት፣ ታጠበ።

ፀሐይ ስትከር አሸዋውን እስከ ስፖንዳው አፍ ድረስ ጭነን ተነሳን። የኮምቦልቻ ሙቀት ጋቢናውን እንደ ምጣድ አግሎታል። አቀበቱን ስንጀምር ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነበር የሚወጣው። የሙቀቱ መለኪያ ከፍ አለ። ዓይኔን ከማሽኑ አልነቀልኩም። ወንድምየው በአንድ እጁ የበሩን እጀታ ጨምድዶ ይዟል። እሱም ፈርቷል። ምኑን እንደፈራ ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ሳስበው፣ ሞተሩ ከጠፋ በወንድሙ ሞት የሚጠይቀውን ሰው እንዳያጣ የፈራ ይመስለኛል። አንዱ ኩርባ አለፈ፣ ሌላው አለፈ። ቁጥሩ አንዴ ዘለለ። ተመለሰ። ጩቤው ከፎጣው ስር ወጥቶ ጭኑ ላይ ተቀምጧል። ሟቹ የወደቀበት ቦታ መጣ። አለፍነው።

ወንድምየው ወደ ሾፌሩ ዞረ። በእኔ በኩል ክንዱን ሲዘረጋ ደረቴን ገፋው፤ የጩቤው ስለት በአገጬ ስር አለፈ። ያኔ ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ዜሮ ሆነ።

ድምፁ ሁሉ ተቆረጠ። ሞተሩ አላንገራገረም፣ አልሳለም፤ በቃ አልነበረም። ሾፌሩ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ቆመበት፤ ደንድኖ አልወርድ አለው። መሪው ድንጋይ ሆነ። የእጅ ፍሬኑን እሱም እኔም ይዘን ሳብነው። ያ ሁሉ አሸዋ ግን ወደ ታች ይጎትተናል፤ መኪናው እየተንቋቋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ገደሉ በግራችን ነው። ሾፌሩ፣ ባበጠው አፉ፣ «ድንጋይ!» ብሎ ጮኸ።

ጎኔ ላይ ነፋስ ተሰማኝ። ዞር ስል በሩ ተበርግዷል፤ ወንድምየው የለም። ጩቤው ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ሸሸ፣ ነፍሱን አዳነ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ መኪናው ከኋላ በኩል አንድ ጊዜ ዘለል አለና ቆመ።

በመስታወቱ አየሁት። ከኋላው ጎማ ሥር ተንበርክኳል፤ በትከሻው ሳይሆን በመላ ሰውነቱ ትልቅ ድንጋይ እየገፋ ነው። ድንጋዩ ጎማውን ይዞታል። እጁን ሲያወጣ ሁለቱ ጣቶቹ ከጥፍራቸው ተጨፍልቀው ነበር። ጣቶቹን አየ። ጎማውን አየ። ከዚያ እንደ ተንበረከከ ድንጋዩን አየው፤ ብዙ ጊዜ አየው።

ሾፌሩ ወርዶ ሲሄድ ተከትዬው ወረድኩ፤ ጩቤውን ከወንበሩ አንስቼ በቀበቶዬ ሸጉጬዋለሁ፤ የማደርግበትን ግን አላውቅም። ወንድምየው ሲያየው ተነሳና ባልተጎዳው እጁ አንድ ጊዜ አፉን አለው። ሾፌሩ ስፖንዳው ላይ ተደገፈ።

«ይቺ ለዛተው ምላስህ ናት» አለው።

ሌላ ምት የሚከተል መስሎኝ ቀረብኩ። አልተከተለም። ደሙ ከጣቶቹ እየተንጠባጠበ ከጎማው ኋላ፣ ድንጋዩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ለማን እንደሚናገር አላውቅም፤ ወደ ማናችንም አላየም።

«እኔም ወረድሁ» አለ።

ከዚያ አለቀሰ። ሰው ፊት እንደዚያ ሲያለቅስ ያየሁት ወንድ የለም፤ ድምፁን አልደበቀም፣ ፊቱን አልሸፈነም። ሾፌሩ ከአፉ የሚወጣውን ደም በእጅጌው ጠርጎ፣ ዝቅ ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። ከኋላቸው ቁልቁለት፣ ከፊታቸው አሸዋ የተጫነበት ጎማ፣ መሐላቸው አንድ ድንጋይ። ድንጋዩ ቢንሸራተት መኪናው እነሱ ላይ ነው የሚወጣው።

ወደ ጋቢናው ተመልሼ ወጣሁና የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ያዝኩት። የተሰበረ የመሰለኝ አንጓዬ ይጮህ ነበር፤ አልለቀቅኩትም። ቆይቶ ሴንሰሩ ሲበርድ ቁልፉን ብጠመዝዝ ሞተሩ እንደሚነሳ አውቄያለሁ። ከታች የሚመጣ መኪና ጥሩምባውን ነፋ፣ ሌላውም ተከተለው። በመስታወቱ አየሁ፤ ሁለቱም ከጎማው ስር አልተነሱም። ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።